ባሉን የሚመርጡት አዛውንት

አዛውንቱ የትንሿን ሣጥን ክዳን ከፍተው፣ በጥቁሩ ቀለበት ላይ የተጠመጠመውን ሽቦ በጥፍራቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። ባሉን ይሉታል፤ የሬዲዮ አንቴናን ወደ ሬዲዮው ከሚወርደው ገመድ ጋር የሚያስማማ ዕቃ ነው። እኔ እዚሁ ሱቅ ሬዲዮዬን ላሠራ ተራ እጠብቃለሁ። የኮታቸው ክርን በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል።

«አባባ፣ አንድ ለአራቱን ይውሰዱ» አለ ሻጩ፣ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የማስማሚያ ልክ እያሳየ።

«ጫማ ነው እንዴ፣ ሰፋ ያለው የሚሻለው? የኔ አንቴና መሃሉ ላይ የተከፈለ ተራ ሽቦ ነው፤ አንድ ለአንዱ ይበቃዋል።»

ቀጥለው በሹክሹክታ ያወሩ መስሏቸው፣ ሱቁ ሁሉ እየሰማ፣ «ባሕር ማዶ ያለ ወዳጄ በየሳምንቱ በመገናኛ ሬዲዮ ያጫውተኛል። ዘንድሮ ድምፁ ራቀብኝ፤ ጥፋቱ የአሮጌው ባሉን ነው» አሉት።

ልጃቸው በሩ ላይ ብቅ አለች። «አባዬ፣ የጆሮ ሐኪሙ እየጠበቀን ነው እኮ።»

«እሱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይሄን ልስቀል» ብለው የባሉኑን ሒሳብ ከፍለው ወደ ቤታቸው አቀኑ።