ትንፋሽ የሌለበት መዝሙር

እንቅርቴ ማደግ የጀመረው ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። በጋይንት እንቅርት ብርቅ ስላልሆነ ማንም ልብ አላለውም፤ እኔም በነጠላዬ እየሸፈንኩት ኖርኩ። በኋላ ግን ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ከንፋስ መውጫ ሪፈራል ተጽፎልኝ ወደ ከተማ ሄድኩ። ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በእንቅርቱ ጎን እንደሚያልፍ፣ የእኔ ደግሞ ትልቅ ስለሆነ ነርቩን አቅፎት ሊሆን እንደሚችል ከቀዶ ጥገናው በፊት አስቀምጦ አስረዳኝ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

«መምህርት ነኝ።»

ዘማሪ መሆኔን አልነገርኩትም። የጠየቀኝ ሥራዬን ነበር፤ መዝሙር ደግሞ ሥራዬ አልነበረም።

ስነቃ ውሃ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አየር ብቻ ወጣ። ሐኪሙ መጥቶ እንደፈራው እንቅርቱ ነርቩን አቅፎት እንዳገኘው፣ በጥንቃቄ ቢያላቅቀውም ነርቩ እንደደከመ ነገረኝ። ቀስ በቀስ ሊመለስ ይችላል፣ እንደ ድሮው ግን ላይሆን ይችላል አለኝ። ማንንም አልወቀስኩም። እንቅርቱ ቢቆይ ትንፋሼን ይዘጋው ነበር።

ትምህርት ቤት ስመለስ ድምፄ ከፊት ወንበር አያልፍም። ልጆቹ ለማድመጥ ሞከሩ፤ ልጆች ናቸውና ወዲያው ደከማቸው። ርዕሰ መምህሩ አዝነው ወደ ቤተ መጻሕፍት አዛወሩኝ። ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ዝም የሚባልበት ቦታ ነው። ጠዋት እከፍታለሁ፣ መጽሐፍ እሰጣለሁ፣ እቀበላለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ። አንዳንድ ቀን «እሺ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ሳልናገር ይመሻል።

ከልጅነቴ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አውራጅ ነበርኩ። ስንኙን እኔ ቀድሜ አወርዳለሁ፣ መዘምራኑ ተከትለው ይቀበላሉ። ከተቀባዮቹ ሁሉ ፊት የምትቆመው ጓደኛዬ ነበረች። ከፊደል ጀምሮ አብረን ነው ያደግነው። ቄስ አግብታ ወደ እስቴ ሄዳለች፤ ሠርጓ ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ቆሜ ሞከርኩ። ዝቅ ባለው ቦታ ድምፄ ሻካራ ቢሆንም ነበር። ከፍ ወዳለው ስደርስ ተሰበረና ጠፋ። ከኋላዬ ያሉት ደንግጠው ቀድመው ገቡልኝ። በደግነት ነው ያደረጉት። ከዚያ እሑድ በኋላ ግን የመዘምራኑን ልብስ አጥቤ፣ አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

ወላጆቼ አርፈዋል። ያለኝ አንድ ወንድም ነው፤ ሥራ አግኝቶ ሩቅ አገር ሲሄድ ሠርግ የሚቀርጽበትን ላፕቶፕና ማይክሮፎን ትቶልኝ ነበር። ክረምት ገባ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መምህራኑ ወደየቤተሰባቸው ሄዱ። እኔ ኪራይ ቤቴ ቀረሁ። ዝናብና ጭጋግ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከአልጋዬ ላይ ተቀምጬ ያንን ላፕቶፕ መነካካት ጀመርኩ።

ድምፅ የሚያስተካክል ፕሮግራም ነበረው። ሰው የዘፈነውን ወስዶ ስክሪኑ ላይ እንደ ክር ይስለዋል። ክሩ ወደ ታች ከወረደ ወደ ትክክለኛው ኖታ ይጎትተዋል፣ ከወጣም ይመልሰዋል። መጀመሪያ ስሞክረው ቅኝታችንን ስለማያውቅ ወዳልሆነ ቦታ እየጎተተ አስቀየመኝ። ልቀርጽ ያሰብኩት መዝሙር በትዝታ ቅኝት ስለሆነ ከቅኝቱ ውጭ ያሉትን ኖታዎች አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅዬ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲያቆም ጠብቄ፣ ልጅ ሆኜ አወርደው የነበረውን መዝሙር ቀረጽኩ።

ያልተስተካከለውን ስሰማ አለቀስኩ። የተስተካከለውን ስሰማም አለቀስኩ፤ ግን በሌላ ምክንያት። የተሰበረው ከፍታ ተጠግኖ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሻካራነቱን በፕሮግራሙ ሌላ መሣሪያ አለሰለስኩት። በየስንኙ መካከል ስተነፍስ ጉሮሮዬ የሚያፏጨውን ሁሉ ቆርጬ ጣልኩ። ከላፕቶፑ የወጣችው ልጅ ድምፅ የጠራ ነበር። ያን ክረምት ከእሷ ጋር ኖርኩ ማለት ይቻላል። ልብስ ሳጥብ አዘምራታለሁ፣ ሽሮ ስሠራ አዘምራታለሁ።

አንድ ቀን አከራዬ በራፌን አንኳኩተው ገቡና ክፍሉን ቃኙ። ብቻቸውን የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው።

«እንግዳሽ ሄደች እንዴ?» አሉኝ።

«የትኛዋ እንግዳ፣ እትዬ?»

«ያቺ የምትዘምረው። ሰሞኑን እሰማታለሁ። ለእሷም ብዬ ቆሎ ይዤ መጣሁ እኮ።»

ቴፕ ነው ማለት ቀላል ነበር። እኔ ግን «ሄደች» አልኳቸው። ቆሎውን ተቀብዬ ብቻዬን በላሁት።

መስከረም ላይ የመዘምራኑ ኃላፊ፣ አብሮኝ ያደገ ዲያቆን፣ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጣ። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ በዓል በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ መዝሙር ፈልጎ ነበር። ስልኬን አውጥቼ አሰማሁት። ጆሮው ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው አደመጠ።

«ይህ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። አስተካክዬው ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይህንን ነው የምንለቀው» አለ።

በበዓሉ ቀን ለቀቁት። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶታል። ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ድምፄ ከዛፉ ላይ ከተሰቀለው ማጉያ እየወጣ በራሴ ላይ ሲያልፍ ሰማሁት። ሴቶቹ እልል አሉ። አጠገቤ የነበረችው እናት ወደ ጎረቤቷ ዞራ «ከየት ያመጧት ናት?» ስትል ሰማኋት። «ከባሕር ዳር ትሆናለች» አለቻት ሌላዋ። እኔ ነኝ ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ በዚያ ጫጫታ ግን ድምፄ አይሰማም ነበር። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ ቆምኩ።

መዝሙሩ በስልክ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ እስቴም ደረሰ። ኔትወርክ ጠፍቶ ከርሞ በተመለሰ ሰሞን ጓደኛዬ ደወለች። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ባሏ አገልግሎት አወራችኝ። እኔ እንደ ልማዴ በአጭሩ እመልስላታለሁ። ከዚያ፣

«የሰንበት ትምህርት ቤታችን መዝሙር ደረሰኝ» አለች። «ያቺ ያወረደችው ማን ናት?»

«ምን ትመስልሻለች?»

«ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ ምንም አይወጣላትም። ብቻ ልቀበላት ብዬ እንቢ አለኝ። ሊጥ ሳቦካ ከፍቼ አብሬ ልዘምር እሞክራለሁ፣ የት እንደምገባ ይጠፋኛል። ልጅቷ አትተነፍስም እኮ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«አንቺን የምቀበልሽ ትንፋሽሽን ሰምቼ ነበር» አለች። «አየር ስትስቢ እኔም እስብ ነበር። ይህችን ግን እንዴት ብዬ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ከበስተኋላዋ ዶሮ ይጮኻል።

«ታዲያ ትንፋሽሽን ምን አደረግሽው?»

«ቆረጥኩት። ያፏጫል፣ ያስቀይማል።»

«ለእኔ ያልተቆረጠውን ላኪልኝ።»

«ያልተስተካከለው አይሰማም። ይሰበራል።»

«ልስማው፤ ላኪልኝ» አለችና ልጇ ሲያለቅስ ዘጋችው።

አልላክሁላትም። ወዲያው የምልከው ነገር አልነበረኝም፤ ያልተስተካከለው የክረምቱ ቅጂ ለእኔም የሚሰማ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን ላፕቶፑን ከፍቼ ማስተካከያውን አጠፋሁት። ክሩን የሚስለውን ክፍል ብቻ ተውኩት። ስዘምር አየዋለሁ። ድምፄ የሚወርደው ከፍታው ላይ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ክሩ ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። በየስንኙ መጨረሻ፣ ትንፋሼ ሲያልቅ፣ ቀስ እያለ ይዘቅጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከፍታ የሚሰበረው በደከመ ትንፋሽ ስለምነሳ ነው። ጤነኛ ሳለሁ እስከ ስንኙ መጨረሻ ድረስ በአንድ ትንፋሽ እሄድ ነበር፤ አሁን ያ ትንፋሽ የለኝም። እኔ ግን ያለኝ ይመስል በድሮው ቦታ ነበር የምተነፍሰው።

ስለዚህ መዝሙሩን እንደ አዲስ ተማርኩት። ከመነሻው ዝቅ አደረግሁት። ስንኙን ከመካከል ከፍዬ ቀደም ብዬ መተንፈስ ለመድኩ። ክሩ ሲዘቅጥ አያለሁ፣ እደግመዋለሁ፤ እንደገና ሲዘቅጥ አያለሁ፣ እተወዋለሁ፤ በማግስቱ እመለሳለሁ። ቀናት ነበሩ ከጉሮሮዬ ምንም የማይወጣባቸው፣ ስክሪኑ ላይ ክር ሳይሆን ነጠብጣብ ብቻ የሚታይባቸው። እንደዚያ ባለ ቀን ላፕቶፑን ዘግቼ መስኮቱን አያለሁ። ማንም ግን እንዴት ዋልሽ ብሎ የሚገባ ስለሌለ፣ መልሼ ከፍቼው እቀመጣለሁ።

አከራዬ አንድ ከሰዓት ከግቢው ሆነው ተጣሩ። «አንቺ ነሽ ዛሬ?»

በሩን ከፍቼ «ነኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ጉንፋን ይዞሻል» አሉ። ዝንጅብል አፍልተው አመጡልኝ። ስኒውን ጨርሼ እስክመልስ ከደፌ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ስለ መዝሙሩ ሌላ ምንም አላሉም።

ጥር ካለፈ በኋላ የሚሰማ ነገር ወጣኝ። ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ የትልቅ ሴት ድምፅ ነው። አላስተካከልኩትም፣ ትንፋሹንም አልቆረጥኩም። ለጓደኛዬ ላክሁላት። ኔትወርኩ እንደገና ስለጠፋ መልስ ሳይመጣ ሰነበተ። እንዳላማራት ገመትኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። የራሷን ድምፅ ቀድታ ልካለች፤ የእኔን ቅጂ ከፍታ፣ አብራ ተቀብላ። አንዱ ልጅ «እማዬ» እያለ ይጣራል፣ እሷ ሳታቋርጥ ትቀበላለች። የገባችበት ቦታ ሁሉ ልክ ነው።

ማታ ሁለቱን ድምፅ ላፕቶፑ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ አደመጥኩት። ደስ አለኝ፣ ውሸት አልናገርም። መዝሙሩ ሲያልቅ ግን እሷ እስቴ፣ እኔ ንፋስ መውጫ ነበርን። ሽሮዬን አሙቄ በላሁና ተኛሁ።

ኃላፊው ለሚቀጥለው በዓል ሌላ መዝሙር እንዳዘጋጅ ጠየቀኝ። «እንደ ባለፈው አስተካክለሽ» አለኝ።

«አልችልም» አልኩት። «ከፈቀድክልኝ ግን ከተቀባዮች ጋር ልቁም።»

«አንቺ? ከተቀባይ?»

«ከኋላ።»

የመዘምራኑን ልብስ ከሻንጣው አውጥቼ ተኮስኩት። እሑድ ከኋላው ረድፍ ቆምኩ። የምታወርደው እኔ ሳገለግል ገና ያልገባች ወጣት ናት፤ ድምፅዋ የሚያምር ነው። ከኋላ ያሉት አብዛኞቹ አዲስ የገቡ ስለሆኑ አያውቁኝም። አየር ስትስብ እኔም ሳብኩ፣ ተቀበልኩ። ከጎኔ የቆመችው ልጅ ድምፄን ሰምታ ዞር ብላ አየችኝ። ያመመኝ መስሏት ከእግሯ ሥር ያለውን የውሃ ጠርሙስ አንስታ አቀበለችኝ።

«ጠጪ፣ እህቴ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ጠጣሁና ቀጠልኩ።