አባቴ ቤታችንን ሲሸጥ

ባለፈው ሳምንት ከከሚሴ የመጣች አንዲት ተማሪ ከአገር ቤት የተላከልኝን አንድ ፌስታል አቀበለችኝ። ፌስታሉን ስፈታው የደረቀ ቁርቁራ ሽታ የዶርማችንን ክፍል ሞላው። ቁርቁራን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ከጣት ጫፍ ብዙ የማትበልጥ፣ ስትበስል የምትቀላ፣ ስትደርቅ ቆዳዋ የሚጨማደድ ፍሬ ናት። ሽታዋ ትንሽ የማር፣ ትንሽ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው የዋለ አቧራ ነው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ አንዷን ቀምሳ፣ «ይሄ ምኑ ይበላል? ድንጋይ ብቻ ነው እኮ!» አለችኝ። ሳቅኩ። እኔም አንዷን አፌ ውስጥ ሳደርግ ግን ከጣዕሙ በፊት የመጣልኝ ድምፅ ነበር፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚያርፍ የድንጋይ ድምፅ።

ቁርቁራው የተለቀመው እኛ ቤት ነው። እኛ ቤት እላለሁ እንጂ ቤቱ አሁን የእኛ አይደለም። እንዴት እንደተሸጠ ልንገራችሁ።

ቤቱ ከሚሴ ውስጥ፣ ወደ ደሴ ከሚወስደው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የጭቃ ቤት ነበር። ግቢው መሀል ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ አለ። አባቴ የከብት ነጋዴ ነው። ጨፋ ሮቢት ገበያ የሚያውቁት ሁሉ በአንድ ነገር ያውቁታል፤ ላም ሲሸጥ የላሟን ዐይብ አስቀድሞ ይናገራል። ዐይብ የምንለው የሚሸጥ ነገር ያለበትን ጉድለት ነው። በሃይማኖታችን ዐይብን ደብቆ መሸጥ ሐራም መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ አብዛኛው ነጋዴ ግን ሲጠየቅ ነው የሚናገረው። አባቴ ሳይጠየቅ ይናገራል። ትንሽ ሆኜ አብሬው ገበያ ስሄድ፣ «ይቺ ስትታለብ ትራገጣለች፣ እግሯን ማሰር ነው። አንዱ ጡቷም ደርቋል» ሲል እሰማው ነበር። የላሟን ጥሩነት ሲያወራ ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። እሱን ገዢው በዓይኑ ይይ ብሎ ይተወዋል።

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ እናቴ ታመመች። በመጀመሪያ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ማረፍ ጀመረች፤ ቀጥሎ እግሯ አበጠ፤ በመጨረሻ ተንጋላ መተኛት አቃታትና ትራስ ደራርባ ተቀምጣ ታድር ጀመር። ደሴ ያያት ሐኪም የልቧ በር መበላሸቱን፣ አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ካላደረገች ክረምቱን መክረሟ እንደሚያሰጋው ነገረን። ቀጠሮ ተያዘላት። ከብቶቹ ቀድመው ተሸጡ፤ አልበቃም። የቀረን ቤቱ ነበር።

ደላላው የአባቴ የቆየ ወዳጅ ነው፤ ቀልደኛ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው። የመጀመሪያውን ገዢ ያመጣ ቀን በር ላይ አባቴን ይዞ፣ «ዛሬ አንተ ዝም ነው የምትል። እኔ ነኝ የምናገረው» አለው። አባቴ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ገዢው ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ባለሱቅ ነበር። ደላላው ክንዱን ዘርግቶ ጀመረ። «ማሻአላህ! ግቢ ማለት ይሄ ነው። ለአስፋልት ቅርብ፣ ጥላ እንደ ልብ!»

«ቅርብስ ቅርብ ነው» አለ አባቴ። «ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ግን ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል። ዛፉም ቢሆን እሾህ ያረግፋል። ፍሬው ሲደርስ የሰፈሩ ልጆች በድንጋይ ነው የሚያወርዱት፤ ድንጋዩ የሚያርፈው ደግሞ ጣሪያው ላይ ነው።»

ጊዜው ፍሬው የደረሰበት ወቅት ነበር። አባቴ ተናግሮ ሳይጨርስ ጣሪያው ቋ! አለ። ባለሱቁ ደንግጦ ጎንበስ አለ።

«ይኸው» አለ አባቴ ረጋ ብሎ።

ይህ ሳያንስ አኮ ብቅ አሉ። አኮ በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ የሚጠራቸው ጎረቤታችን አሮጊት ናቸው። በእሳቸውና በእኛ ግቢ መሀል ባለው አጥር ላይ ማሾለኪያ ነበረች። በእሷ ጎንበስ ብለው ገቡና፣ «አከም ጅርቱ?» ብለው ለሁላችንም ሰላምታ ሰጥተው፣ ግቢያችንን አቋርጠው በእኛ በር ወጡ።

«ማናቸው?» አለ ባለሱቁ።

«ጎረቤታችን ናቸው። በራሳቸው በር ከወጡ ደጃቸው ያለውን የውሃ ቦይ መዞር አለባቸው፤ ጉልበታቸው አይችልም። ስለዚህ በዚህ ነው የሚያልፉት።»

«እሺ፣ ገዝቼ ብዘጋውስ?»

አባቴ የምር ግራ ገብቶት፣ «ታዲያ በየት ይሂዱ?» አለው።

ባለሱቁ ያቀረብንለትን ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ቀጥሎ አዲስ ተጋቢዎች መጡ። ሙሽራዋ ሳሎን ትንሽ እንደተቀመጠች በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ማራገብ ጀመረች። አባቴ ወዲያው፣ «ኮርኒስ የለውም። ከቀትር በኋላ እኛም ውስጥ አንቀመጥም፤ ዛፉ ሥር ነው የምንውለው። ነፋስ ሲነሳም የማድ ቤቱ ጭስ ወደዚህ ይገባል» አላት። ባልና ሚስቱ ተያዩ። ከዚያ በኋላ የመጡትም እንዲሁ፣ አንዱ ሙቀቱን፣ አንዱ ማሾለኪያዋን፣ አንዱ የመኪናውን ድምፅ እያነሳ ተመለሰ።

በመጨረሻ ደላላው ጮኸ። «ኧረ በአላህ! አንተ ሰውዬ፣ ቤት ነው የምትሸጠው ወይስ በሽተኛ ነው የምታስጠይቀው?»

«ዐይቡን ሳልናገር ሸጬ ነገ ለአላህ ምን ልበለው?»

«አላህ እኮ ደላላንም ፈጥሯል! እኔስ ልጆች የሉኝም?»

እናቴ ዛፉ ሥር ትራሷን ተደግፋ ስትሰማ ነበርና ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት። እኔ አልሳቅኩም። ቀጠሮዋ እየደረሰ ነበር። ደላላው እንደሄደ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ «እማ፣ ለምን አትነግሪውም? ዝም ቢል ምን አለበት? ቤቱ ካልተሸጠ እኮ...» ብዬ መጨረስ አቃተኝ።

እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ በዚያ ሙቀት እጇ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ያን ጊዜ አልገባኝም። «ተይው፣ ልጄ» አለችኝ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ልቤን ሊከፍቱት ነው የሚሉት። ሰው ባታለልንበት ብር አስከፍቼው ተመልሶ እንዴት ይመታልኛል? ሐላል ይሁን። አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

አባቴ ግን አልፈራም ነበር ብዬ እንዳላሳስታችሁ። በዚያው ቀን ለመግሪብ ሶላት ውዱእ ሲያደርግ አየሁት። ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለ ውሃው ከመዳፉ ውጪ ይፈስ ነበር። ጆሮው ደግሞ እናቴ ወደምትተነፍስበት ነበር።

ከዚያ ሲስተር መጣች። ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። ክርስቲያን ናት፤ ማተቧ ከጋዋኗ ኮሌታ ሥር ይታይ ነበር። ብቻዋን ነው የምትኖረው። አባቴ ስለ መኪናው፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ማሾለኪያዋ በተራ ሲነግራት አላቋረጠችውም። ሲጨርስ፣ «እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ፤ ሙቀቱ አያሳስበኝም። ቤቱን ወድጄዋለሁ» አለች።

ደላላው ዓይኑን ጨፍኖ «አልሃምዱሊላህ» አለ። እኔም በልቤ አልኩ።

አባቴ ግን መኝታ ቤት ገባና፣ «ሲስተር፣ አንድ ጊዜ እዚህ ይምጡ» አላት። ቁምሳጥኑን በትከሻው ገፋው። ከጀርባው ከወለሉ እስከ መስኮቱ የሚደርስ ስንጥቅ ነበር።

«መሬቱ ዋልካ ነው» አላት። «በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ግድግዳውም አብሮት ነው። በየዓመቱ በጭድና በጭቃ እመርገዋለሁ። ዘንድሮ እናትየው ታማብኝ አልመረግኩትም። ቁምሳጥኑ የቆመው ለመደበቅ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ስለሌለው ነው።»

ደላላው በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ሲስተር ጣቶቿን ስንጥቁ ውስጥ ከተተች፤ ከዚያ አባቴን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። «ላስብበት» ብላ ሄደች።

«ላስብበት» የሚሉት ሁሉ ተመልሰው አይመጡም ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት ቤታችን ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ አላወራም። አዲስ አበባ የሚሄደው የእናቴ ሻንጣ ተዘጋጅቶ በር ሥር ተቀምጧል። ደላላውም ጠፋ።

አንድ ጠዋት እኔና አባቴ ግቢ ውስጥ እሾህ ስንጠርግ ከአጥሩ በኩል የአኮን ድምፅ ሰማሁ። «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ጎንበስ በይ፣ ራስሽን እንዳትመቺ!» ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። ከኋላቸው በማሾለኪያዋ ጎንበስ ብላ የገባችው ሲስተር ነበረች። ፀጉሯ ላይ ቅጠል ተሰክቷል።

«አኮ ለደም ግፊታቸው ጤና ጣቢያ ይመጣሉ» አለች አባቴን። «ጎረቤት የቤት ጉድ ያውቃል ብዬ ጠየቅኳቸው። የማያውቁት የለም፤ ስንጥቁን ሳይቀር ነገሩኝ። እርስዎ ያልነገሩኝን አንድ ነገር ፍለጋ ነበር የሄድኩት። አጣሁበት።»

አኮ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ሞኝ ነው ብዬሽ አልነበር? አንድም አላስቀረልኝ እኮ የማወራው!»

አባቴ ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «ማሾለኪያዋስ?» አለ። አኮም ምርኩዛቸውን ጠበቅ አድርገው ሲስተርን አዩ።

«ማሾለኪያዋ እንዳለች ትሁን» አለች ሲስተር። «እኔ ሌሊት ተረኛ የምሆን ብቸኛ ሴት ነኝ። ቀን ከሌት ሰው የማያልፍበት ግቢ ነው የሚያስፈራኝ።»

አኮ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱአ ጀመሩ፤ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በዐረብኛ፣ መጨረሻው በአማርኛ። ሲስተር መሀል ላይ «አሜን» አለች፤ እኛም «አሚን» አልን። እናቴ ከትራሷ ላይ ሆና ታለቅስ ነበር።

እናቴ በቀጠሮዋ ደረሰች። ዛሬ በሕይወት አለች፤ ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ቀለል ይለዋል። ልቧ ውስጥ የገባው ሰው ሠራሽ በር ድምፅ አለው፤ ቤቱ ጸጥ ሲል እንደ ትንሽ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። አሁን ከከተማው ዳር በኪራይ ቤት ነው የምንኖረው። አባቴ ከብት መነገድ እንደ አዲስ ጀምሯል፤ አሁንም የላሞቹን ዐይብ ሳይጠየቅ ይናገራል።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ሲስተርን ልሰናበታት ሄድኩ። በበሩ መግባት ከበደኝና በአኮ በኩል ዞሬ፣ በማሾለኪያዋ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ስንጥቁ በጭቃ ተመርጓል፤ ሥራው የማን እንደሆነ የመዳፉን አሻራ አይቼ አወቅኩ። አባቴ በየዓመቱ እየሄደ እንደሚመርግላት ለእኛ ነግሮን አያውቅም። ሲስተር ዛፉ ሥር ሻይ አቀረበችልኝና እንዲህ አለችኝ፦ «አባትሽ ግን አንድ ነገር ደብቆኛል።»

ደነገጥኩ። እሷ ሳቀችና ወደ መኝታ ቤት ወስዳ የኋላውን መስኮት ከፈተችው። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ከቦርከና ወንዝ በኩል የሚመጣው ነፋስ የእርጥብ ማሽላና የከብት ሽታ ይዞ ገባ፤ መጋረጃውን አነሳው፤ የቀኑን ሙቀት ከክፍሉ ጠርጎ ወሰደው። ይህ ነፋስ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይመጣል። እናቴ በደህናዋ ጊዜ እዚህ መስኮት ሥር ተቀምጣ ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር፤ አባቴም ከገበያ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ እዚሁ ይጋደም ነበር።

«ጉድለቱን ሁሉ አሳይቶኝ ይሄን ሳይነግረኝ ቀረ» አለች ሲስተር። «ገብቼ ነው ያገኘሁት።»

ቤት ስመለስ ለአባቴ ነገርኩት። እናቴ አጠገቡ ጋደም ብላ ነበር፤ አሁን ያለ ትራስ ክምር ትተኛለች። አባቴ ብርድ ልብሷን አስተካከለላት። የደረቷ ቀጭ ቀጭ ይሰማኝ ነበር። እሱም እየሰማው እንደሆነ ያስታውቃል።

«እሱን ካወራሁማ» አለ በመጨረሻ፣ «መሸጥ ያቅተኝ ነበር።»