ለባለእጁ ያላደረስሁት ቃል

ይህ ነገር ተጽፎ ሊነበብ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። የጣሊያንን ዘመን ያየ ሰው ስለ ጦርነቱ ይጽፋል። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ መካከል ደጋግሞ ትዝ የሚለኝ አንድ የእንግሊዝኛ አነጋገርና ከጣት የማትበልጥ አንዲት ብረት ናት። ባለፈው ሳምንት መምህራችን ባይጠይቀን ኖሮ ለማንም ሳልነግረው እቀር ነበር።

ዘንድሮ ለክረምቱ ትምህርት ከገባነው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መካከል በዕድሜ እኔን የሚያህል የለም። ሃያ ዓመት ያህል የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ አሁን በተራዬ ከልጆች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። መምህሩ ራሱ የበኩር ልጄ እኩያ ቢሆን ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ፑል ኦፍ» የሚል ጻፈና «የሚያውቀው አለ?» አለ። ማንም እጁን ባያወጣ እኔ አወጣሁ።

«ሰው ሁሉ አይሆንም ያለውን ከባድ ነገር አድርጎ መገኘት ነው።»

«ልክ ነው። የት ተማሩት፣ ጋሼ?»

«ፈጠም ወንዝ ዳር።»

ልጆቹ ሳቁ። ከጎኔ ያለው ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ፈጠም ያለው ትምህርት ቤት እስከ ስንተኛ ክፍል ነው?» አለኝ። መምህሩም ቃሉን ከገዛ ሕይወታችን በወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈን እንድናመጣ አዘዘን። እኔን ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አልበቃኝም።

መንደራችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች፤ ፍኖተ ሰላም ያኔ ገና በዚህ ስሟ አትጠራም። ዓመቱ 1933፣ ወሩ የካቲት ሊያልቅ የተቃረበበት፣ ዐቢይ ጾም የገባበት ሰሞን ነው። ጣሊያን የቡሬን ምሽግ ለቆ ወጥቷል። የሄደበት መንገድ አቧራ ለቀናት ሳይወርድ አየሩ ላይ የቀረ ይመስለኛል፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ በዚያ አቧራ ውስጥ እንደ ብርቱካን ትንሳፈፍ ነበር። ከሽምብራው በቀር እርሻው ሁሉ ታጭዶ ቃርሚያ ብቻ ቀርቷል፤ ከሜዳው የደረቅ ገለባ ሽታ፣ ከየቤቱ የሚቆላ የኑግ ሽታ ይመጣል። ከዱር የተመለሱት ሰዎች በገዛ ደጃቸው ላይ ቆመው እንኳ ዝግ ብለው ነበር የሚያወሩት። አምስት ዓመት ሹክሹክታ ለምደው ጮክ ብሎ መናገር አሳፍሯቸው ነበር።

እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ ሸሽቶ፣ የቆሎ ተማሪ መስሎ በደብራችን የተጠለለ አንድ አስተማሪ ሽፋን ከሌለው መጽሐፍ ላይ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሮኛል። ስለዚህ ከጣሊያን ኋላ የመጣው የእንግሊዝ ሳጅን አስተርጓሚው በንዳድ ሲወድቅበት፣ አጎቴ ግራዝማች እኔን አዋሰው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ ግራዝማች ነው። ጋሼ እለው ነበር። አምስቱን ዓመት በዱር የኖረ፣ አገሩ የሚሰማው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። እሱ ፊቱ ፈታ እንዲልልኝ የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ሳጅኑ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ቀጭን ሰው ነው። ሥራው የሬዲዮ መልእክት መቀበልና ማስተላለፍ ሲሆን መሣሪያውን ከሱዳን በመጡ ግመሎች ጭኖ ይዞራል። ግመሎቹ ደጋው አልተስማማቸውም፤ በየመንገዱ እየወደቁ ቀርተዋል። ሬዲዮውን የተሸከመችው ግመል ፈጠም አፋፍ ላይ ደርሳ ቁልቁለቱን ስታይ ተንበረከከች። ሱዳናዊው ነጂ ለመናት፤ ሳጅኑ ሰደባት፤ የእኛ ሰዎች ማዶ ተቀምጠው መከሩ።

«ጌታው፣ እሷም ጾመኛ ናት» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ዘጠኝ ሰዓት ይድረስላትና ያያሉ።»

ስተረጉምለት ሳጅኑ ሳቀ። ዓይኗን በሸማ ሸፈንን፤ ቁልቁለቱ ላይ ገለባ ጎዘጎዝን፤ ጭነቱን ግማሹን በትከሻችን አወረድን። እውነትም ጥላው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲያዘነብል ተነሥታ ቀስ ብላ ወረደች፤ ተሻገረችም። ሳጅኑ እስከ ወገቡ እንደራሰ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «ዊ ፑልድ ኢት ኦፍ» አለ።

ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት። እሱም ታግሦ አስረዳኝ። ውሃ ጠጣሁ፣ ደጅ ወጣሁ ለማለት አይሆንም፤ ሌላው ሰው አይሆንም ያለው፣ አንተም ራስህ የተጠራጠርኸው ነገር ከሆነ ብቻ ነው አለኝ።

«ጾሜን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብጠብቅስ?» አልሁት። ከጠዋት ጀምሮ ብስኩት እየሰጠኝ፣ እኔም እየመለስሁ ነበር የዋልነው።

በእጁ የያዘውን ብስኩት አየት አደረገና «ለእሱስ ይሆናል» አለ።

በደብተሬ ጠርዝ ላይ ጻፍሁት። ያን ሳምንት ቃሉን እንደ አዲስ ልብስ ይዤ የምለብስበትን ቀን ስፈልግ ሰነበትሁ። ውሃ ስቀዳ፣ ዳዊት ስደግም፣ መንገድ ስሄድ እለው ነበር። ለየትኛውም አልመጥን አለ።

ሳጅኑ ድንኳኑን ቤተ ክርስቲያናችን ፊት ካለው ዋርካ ሥር ተከለ። በአራተኛው ቀን የሬዲዮውን ባትሪ የምትሞላው ትንሽ ሞተር ቆመች። ከውስጧ አንዲት ብረት ተሰብራለች። ወደፊት ከሄደው ጦር ጋር የሚያገናኘው ያ ሬዲዮ ብቻ ስለሆነ ሳጅኑ እንቅልፍ አጣ። ብረት የሚሠራ ሰው ካለ እንድጠይቅለት ነገረኝ።

«ባለእጅ የለንም» አለ ጋሼ። «ያለውም ቢሆን ሊሄድ ነው።»

ያለው ታከለ ነበር። ከሚስቱ ጋር ከመንደሩ ተለይቶ ጅረቱ ዳር ይኖራል። ማረሻችንን የሚስለው፣ ማጭዳችንን የሚሠራው እሱ ሆኖ ሳለ ቤቱ የሚገባ አልነበረም፤ ዓይነ ክፉ ነው ይባላል። እኛም በልጅነታችን በደጁ ስናልፍ ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። በዚያ ላይ ጣሊያን ቡሬ ምሽግ ወስዶት ሁለት በጋ የበቅሎ ጫማ ሲመታ ኖሯል። ተገዶ ነው የሚል አልጠፋም፤ ወድዶ ነው የሚለው ግን በዛ። ጋሼ በሰበሰበው ሸንጎ ዳግማይ ትንሣኤ ሳያልፍ አገር ለቆ እንዲወጣ ተፈርዶበት ነበር።

ሳጅኑን ይዤው ሄድሁ። ሚስቱ ወናፉን ትነፋለች፤ ታከለ ከሰሉን ይቆሰቁሳል። የተሰበረችውን ብረት ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አገላበጣት።

«ይህችን የሰበራት ሰው ተቆጥቶ ነበር በለው።»

ነገርሁት። ሳጅኑ ቀላና ሞተሯን በእግሩ መምታቱን አመነ። ሚስትየው ወናፉ ላይ ጎንበስ ብላ ሳቀች።

«ትሠራታለህ?» አልሁት። በዕድሜ አባቴን ያህላል፤ አንተ ማለቴ ግን ያኔ አልታወቀኝም።

«አላውቅም። እንዲህ ያለ ሠርቼ አላውቅም። ሦስት ቀን ይስጠኝ።»

የመጀመሪያይቱ ተሰበረች። ሁለተኛይቱ በፀጉር ያህል ወፍራ እንቢ አለች። ሦስተኛይቱን ሲጀምር ከጥግ አንድ ያረጀ ብረት መዞ እሳት ውስጥ ከተተ።

«የምን ብረት ነው?» አልሁ።

«የተከሰስሁበት» አለ። የጣሊያን በቅሎ ጫማ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ እንዳበቃ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ከዋርካው ሥር ቆመ። ታከለ ጉጠቱን እንደያዘ ከሩቅ መጥቶ ብረቷን ለሳጅኑ ሰጠው። ሳጅኑ አስገባት፤ ገመዱን ሳበ። አንድ ጊዜ አስነጠሰች፤ ሁለተኛ ጊዜ ዝም አለች፤ በሦስተኛው ተነሣች። ድምፅዋ ዛፉ ላይ የነበሩትን ወፎች ሁሉ አስነሣቸው። ያን ድምፅ ዛሬም እንቅልፍ ሲወስደኝ ከሩቅ እሰማዋለሁ።

ሳጅኑ የታከለን እጅ ጨበጠ። ሰው ሁሉ ንቅንቅ አለ፤ ያን እጅ የሚጨብጥ አይተን አናውቅም። ከዚያም «ዩ ፑልድ ኢት ኦፍ» አለው። በአገሬ በትልቅ መሥሪያ ቤት የምተማመንባቸው ሰዎች ይህን ባልሠሩት ነበር፤ እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ለሕዝቡ ንገርልኝ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለ?» አለ ጋሼ።

ፊቱን አየሁት። የተከፋ ፊት ነበር።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ነው ያለው።»

«ይህን ሁሉ ተናግሮ?»

«የፈረንጅ አፍ ረጅም ነው፣ ጋሼ።»

ሰው ሳቀ። ጋሼም ፊቱ ፈታ አለ፤ የፈለግሁትም ያንን ነበር። ታከለ ግን አልሳቀም። እኔን ትንሽ ሲያየኝ ቆየና ጉጠቱን አንሥቶ ሄደ።

በማግስቱ ሳጅኑ ጦሩን ተከትሎ ተነሣ። ማክሰኞ ደግሞ ከጅረቱ ዳር ጢስ አልታየም። ታከለ ዳግማይ ትንሣኤን ሳይጠብቅ ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፉንና ወናፉን በአህያ ጭኖ ወደ ጅጋ፣ ወደ ዘመዶቹ ሄዷል።

ለማንም ሳልናገር ተከተልሁ። ያን መንገድ እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። ነፋስ አልነበረም። ከየእርሻው ጥግ የሽምብራ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ይጠሩኛል፤ እኔ ጾም ነው እያልሁ አልፋለሁ። ወደ ጅጋ ገበያ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር እየተቀላቀልሁ፣ እየተለየሁ፣ የምናገረውን በልቤ እየደገምሁ ስሄድ ጥላዬ ከኋላዬ ወደ ፊቴ ዞረ። ከጅጋ መለስ ብሎ ካለ ሾላ ሥር ባልና ሚስቱን አገኘኋቸው። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ቆሎ እየቆረጠሙ ነበር።

«አያ ታከለ» አልሁ፤ እንደዚያ ስጠራቸው የመጀመሪያዬ ነው። «ሳጅኑ ያሉዎትን አልነገርሁዎትም።»

ሚስትየው ቆሎ ዘገነችልኝ። እጄ ትንሽ ዘገየ፤ እሷም አየችው። ተቀብዬ በላሁ። ከዚያም ሁሉንም፣ ቃል በቃል ነገርኋቸው።

አያ ታከለ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ሰሙኝ።

«ሞተሯ ስትነሣ እኔም እዚያው ነበርሁ እኮ» አሉ በመጨረሻ። «የምትነግረኝ የማውቀውን ነው። የማያውቁት እነሱ ናቸው።»

«እንዴት ብዬ ልንገራቸው?»

«ጅጋ ድረስ እንደ መጣኸው» አሉና አህያቸውን አስነሡ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዋርካው ሥር ቆምሁ። ሳጅኑ የለም፤ ምስክር የለኝም። የተባለውን ሁሉ ተናገርሁ፤ ብረቷ ከምን እንደተሠራች ጭምር።

«ዋሽተኸን ነበር ማለት ነው?» አለ ጋሼ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«እርስዎን ላስደስት ብዬ።»

ከጀርባ አንድ ሰው «ተማሪው ጥሩ ተምሯል» አለና ጥቂቶች ሳቁ። ጋሼ ከዘራውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። እስከ ፋሲካ አንድ ቃል አልተናገረኝም። በአንድ ገበታ ሹሮ እየበላን እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ ያደርጋል እንጂ ቀና ብሎ አያየኝም። ያ ጾም እንደ ረዘመብኝ የረዘመብኝ ጾም የለም።

ፋሲካ ዋለ። በማግስቱ ጋሼ ማረሻውን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ ለግድግዳው የሚናገር መስሎ፣ «ደንዟል» አለ። «ዝናብ ሊመጣ ነው። እኔ ደግሞ ጅጋ ድረስ ማረሻ የሚሸከም ሰው የለኝም።»

ማረሻውን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

«ሠሪው ወደ ማረሻው ቢመጣ ይሻላል። አህያዬን ውሰድ፤ መስፍ ይከብዳል።»

እነሆ፣ መምህሬ የጠየቀኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ጥሩ ነጥብ እንዲሰጠኝ፣ እሱም ደስ እንዲለው፣ ጦርነት ያለበት ያማረ ዓረፍተ ነገር ልጽፍ አስቤ ነበር። ብዕሬን ሳነሣ የጋሼ ፊት መጣብኝና ተውሁት። ሳጅኑ ቃሉ ለትንሽ ነገር አይሆንም ብሎኝ ነበር። በሠላሳ ሰው ፊት ቆሞ ትናንት የዋሹትን ማቅናት ትንሽ ነገር ይሁን ትልቅ፣ ዛሬም አላውቅም። ስለ አያ ታከለ ግን አልጠራጠርም። ስለዚህ ደብተሬ ላይ እሳቸውን ባለቤት አድርጌ ጻፍሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ አምስት ቃል አይሞላም። ከጅረቱ ዳር ጢሳቸው እንደገና የታየው ሊባረሩ ከተቀጠረላቸው ቀን ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር።