እናቴና የሚያጉረመርመው ዩፒኤስ

እናቴን ሰፈሩ «ምን ተማምኜ» ይላታል። ጥልፍ ሠሪ ናት። ደህና አደርሽ ሲሏት እንኳ «ምን ፈልጎ ይሆን?» የምትል ሰው ናት።

እኔን ሊያገባ የጠየቀው ሰው ደግሞ፣ ከዕድሌ ይሁን ከጣጣዬ እንጃ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ነው። መብራት እልም ባለ ቁጥር ጥልፍ ማሽኗ የደረሰበትን እየረሳ ጨርቅ ሲያበላሽባት፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ እንዲመርጥላት ሱቁ ወሰድኳት። እሱን ካመነችው ትመርቀናለች፤ ካላመነችው ነገሩ እዚያው ቀረ።

ሦስት ዓይነት አሳያት። አንደኛው መብራት እስኪጠፋ ተኝቶ የሚጠብቅ ነው፤ እስኪነቃ ቅጽበት ይፈጅበታል። ሁለተኛው ከፍ ዝቅ የሚለውን ኃይል ያስተካክላል፣ መብራት ሲጠፋ ግን እሱም ትንሽ ይዘገያል። ሦስተኛው ኃይሉን ሁልጊዜ በራሱ ውስጥ አሳልፎ ስለሚሰጥ፣ ማሽኑ መብራት መጥፋቱንም አያውቅም። የመከራት ሦስተኛውን ነው፤ ውዱን።

«ገና አማት ሳልሆነው ሊግጠኝ ነው» ብላ አንሾካሾከችልኝ።

በማግስቱ ማሽኗን አሸክማ ተመለሰች። በእያንዳንዱ ላይ እየሰካች፣ የግድግዳውን ሶኬት በገዛ እጇ እየነቀለች ፈተነች። አንደኛው ላይ ማሽኑ ቀጥ አለ። ሁለተኛው ላይ አንዴ ሠራ፣ አንዴ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መጥለፉን ቀጠለ። ይሄኔ ታምናለች ስል፣ ሌላ ገመድ ደብቆ እንደሆነ ብላ ጠረጴዛውን አስነሣችው! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ለማንኛውም ገዛችው። ቤት ሲገባ የማቀዝቀዣ ፋኑ ጉርምርምታ አላስቀምጥ አላት። መብራት እያለ ምን ያስጮኸዋል? ባትሪዬን እየበላብኝ ነው አለች። ማሽኑን ነቅላ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካችው፤ መብራት ሲጠፋ ወደ ዩፒኤሱ ልታዞረው። እንዲህ አይሆንም ብላት፣ አንቺማ የሱ ጠበቃ ነሽ ብላ አፌን አስያዘችኝ።

መብራቱ የጠፋው የደንበኛ ቀሚስ ደረት ላይ አበባው ሲጋመስ ነው። አበባው ተንጋደደ፣ ቀሚሱም ተበላሸ። አስጠራችውና መጣ። ገመዱን በዓይኑ ተከተለው፤ ዓይኑ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሲያርፍ አየሁ።

«እማማ፣ ችግሩ ከዕቃው ነው» አለ። «እቀይርልዎታለሁ።»

ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ጨዋ ከየት ይገኛል? እናቴ ግን ትክ ብላ አየችው።

«ግድግዳው ላይ የሰካሁት እኔ ነኝ። እያየህ ነው የዋሸኸኝ።»

«እንዳያፍሩ ብዬ ነው።»

«ውሸት እንዲህ ከተዋጣልህ» አለች ቀስ ብላ፣ «ልጄን ስትዋሻት በምን ታውቅብሃለች?»

እኔም ዘወር ብዬ አየሁት፤ ፊቱ እንደ ወትሮው የዋህ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እናቴ የተጠራጠርኩት ያን ቀን ነው።