ሳልጨርስ ጨርሻለሁ በል አሉኝ

የውሃ ቦቴ ነው የምነዳው። ከኮልፌ እስከ ዓለም ባንክ ቧንቧው ሲደርቅ ሰው የሚጠራው እኔንና መሰሎቼን ነው። ድሮ ትእዛዙ በአፍ ነበር የሚመጣው። ቢሮ የምትቀመጠው ሴትዮ ትደውልና «ቆሼን አልፈህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር» ትለኛለች። ካልገባኝ መልሼ እጠይቃታለሁ፣ ትሰድበኛለች፣ ይገባኛል። ሄጄ ገልብጬ እመለሳለሁ።

ከዚያ የቦቴዎቹ ባለቤት ዘመናዊ ልሁን አለ። ሴትዮዋ ተሰናበተች፤ ስልካችን ላይ አዲስ ነገር ተጫነልን። ፕሮግራሙን የሠራችው ልጅ አየር ጤና፣ ከጋራዡ በላይ ባለው ቢሮ ሰብስባ አስረዳችን። ትእዛዙ ሁሉ ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው እዚህ አይደለም፤ ውጭ አገር ያለ ድርጅት በሚያከራየው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ክላውድ ይሉታል። ሹፌሩ ስልኩን ሲነካ ከወረፋው አንድ ትእዛዝ ይወጣለታል። በእጁ እስካለ ድረስ ለሌላ ሹፌር አይታይም። ውሃውን ገልብጦ ሲያበቃ «ጨርሻለሁ» የሚለውን ይነካል፤ ትእዛዙም ከወረፋው ይጠፋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልነካ ግን ኮምፒውተሩ ሰውየው አንድ ነገር ሆኗል ይልና ትእዛዙን ለሌላ ይሰጠዋል።

ለምን ግማሽ ሰዓት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ አፌን አልከፍትም፤ ከከፈትኩም ስድብ ነው የሚወጣው።

ግማሽ ሰዓት ለግቢ ቤት ይበቃል። የውሃውን ጎማ በአጥር አሻግረህ ትለቀዋለህ። ኮንዶሚኒየም ግን ሌላ ነው። ጎማውን በደረጃ እየጎተትክ አራተኛ ፎቅ ታወጣለህ። ሞተሩ እያቃሰተ ውሃውን ይገፋል። በየፎቁ ጀሪካን የያዘ ሰው ብቅ ይልና «እባክህ ወንድሜ፣ እቺን ብቻ» ይልሃል። እምቢ ብትል ጎማህን ይረግጥብሃል።

ሹፌሮቹ ወዲያው መላ አገኙ። በር ላይ እንደደረሱ፣ ጎማው ሳይፈታ፣ «ጨርሻለሁ» ይነካሉ። ትእዛዙ ይጠፋል፤ ማንም አይነጥቃቸውም። እኔ አልነካም አልኩ። ጽድቅ ፈልጌ አይደለም። ከቤቴ ጀርባ የምትኖር አራስ ውሃ አዝዛ ነበር። ሹፌሩ በር ላይ ነካ፤ ከዚያ ሞተሩ አልነሳ አለውና ጥሏት ሄደ። ስልኳ «ውሃዎ ደርሷል» ይላታል። ቢሮ ደውላ ስትጮህ «ደርሶሻል እኮ» አሏት። የሕፃኑ ጨርቅ የታጠበው ሚስቴ በባልዲ ባመላለሰችው ውሃ ነው። ከዚያ በኋላ ያልገለበጥኩትን ገልብጫለሁ ማለት አስጠላኝ፤ በቃ።

የፈራሁት አልቀረም። ዓለም ባንክ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሮቶው ገና ሳይጋመስ ከታች ጥሩምባ ተነፋ። ወርጄ ባይ የእኛው ሌላ ቦቴ ነው። የሚነዳው የልጄ እኩያ የሚሆን ጎረምሳ ነው።

«ሼባው! ትእዛዙ የኔ ነው፣ ጎማህን ሰብስብ!»

«ዓይን የለህም? እየገለበጥኩ ነው።»

«ስልኬ ላይ መጣልኝ፣ ምን ላድርግ? አንተ አንብበህ እስክትጨርስ እኮ ውሃው ይተናል!»

ደረጃው ላይ ጀሪካን የያዘው ሁሉ ሳቀ። ያዘዘችው ሴት በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ሁለት ቦቴ አላዘዝኩም፣ ለሁለት አልከፍልም!» ትላለች።

«አይዞሽ እህቴ፣ ለሱ የምከፍለው እኔ ነኝ» አልኩና እጅጌዬን ሰብስቤ ወደሱ ሄድኩ። መስታወቱን ዘግቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ወዲያው የኔ ስልክ ጠራ፤ ባለቤቱ ነው።

«እንደጨረስክ ቁልፉን ይዘህ ና።»

ሮቶውን ሞልቼ ወደ ቢሮ ሄድኩ። ፕሮግራሙን የሠራችው ልጅ ጥግ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣለች። ባለቤቱ ቁልፉን ከእጄ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ተቀመጥ አላለኝም።

«ጭቅጭቅ በተነሳ ቁጥር አንተ አለህበት። ሌሎቹ እንዴት ነው የሚያደርሱት? ማንበብ ካልቻልክ ንገረኝና ቦቴውን ለሚያነብ ሰው ልስጠው።»

«አነባለሁ።»

«እስቲ አንብብልኝ» አለና ስልኩን ገፋ አደረገልኝ።

የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪዬ እንኳ እንደዚህ ብሎኝ አያውቅም። ስልኩን ግድግዳው ላይ ልፈጠፍጠው አሰብኩ። ግን በዚህ ዕድሜዬ ከዚህ ቦቴ ከወረድኩ ሌላ መሪ ማን ያስጨብጠኛል? አነበብኩ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስሄድኩ፣ ጆሮዬ እየጋለ፣ «ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በስተግራ ባለው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ» ብዬ ጨረስኩ።

«አየሽልኝ?» አላት ወደ ልጅቷ ዞሮ። «እንዲህ እየተነበበማ ይመሻል!»

ልጅቷ ቀና አላለችም። «ንባቡ አይደለም» አለች። «ሰዓቱ ነው ያጠረው። ተሰጥተው ተመልሰው፣ ተሰጥተው ተመልሰው ያልተሳኩትን ትእዛዞች ኮምፒውተሩ ለብቻ ያስቀምጣቸዋል። ይኸው፣ ሁሉም የኮንዶሚኒየም ነው። ገና ስንጀምር ግማሽ ሰዓት አይበቃም ብዬዎት ነበር እኮ።»

እሱም ያውቅ ነበር ማለት ነው! እያወቀ ነው እንደ ሕፃን ያስነበበኝ።

«ካስረዘምኩት መንገድ ላይ ቆመው ጫት ይቅማሉ ብዬሻለሁ» አላት። ወደ እኔ ዞረና «አንተስ ብትሆን ምናለ እንደ ሰዉ በር ላይ ብትነካ?»

«ያልገለበጥኩትን?»

«ንካና ገልብጣ! ማን ከለከለህ?»

«ሞተሩ አልነሳ ያለ ለትስ?»

መልሱን የሰጠችው ልጅቷ ናት። «በር ላይ ከነኩት ትእዛዙ ይጠፋል ጋሼ፤ ሰውየው ውሃ አለማግኘቱን እኛም አናውቅም። እርስዎ እንዳሉት ይሁን፣ አይንኩ።» ከዚያ ለባለቤቱ «ለፎቅ ቤት ሁለት ሰዓት ላድርገው?» አለችው።

እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አድርጊው በቃ» አለ። ስለ ንባቤ የተናገረውን አላነሳም። ይቅርታማ ከየት ይመጣል! ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስቶ፣ ፊቴን ሳያይ፣ በግራ እጁ ዘረጋልኝ።

አፉን የሚያስይዘው ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ የቢሮውን ደረጃ ስወጣ ስስለው የመጣሁት። ግን እጄ ቀደመኝ። ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኩት። «እግዜር ይስጥልኝ» ሁሉ ብያለሁ መሰለኝ።