የታጠቡት መስታወቶች

ታላቅ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማር ሥራው ፕላስቲክ መቀባት ነበር። እኔ እንዲያ ነበር የምለው። እሱ ይስቅብኛል። የሟሟ ፕላስቲክ ትንሽ መስታወት ላይ ጠብ ያደርግና በማሽን ያሽከረክረዋል። ሲደርቅ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይቀራል። በሲሊከን ፈንታ ከካርቦን ውሁድ ለሚሠራ ትራንዚስተር ነው።

«ሽፋኑ ምን ያደርጋል?» አልኩት አንድ ቀን። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ያላለፍኩ ባጃጅ ነጂ ነኝ።

«የቆርቆሮ አጥራችንን አስበው። እማዬ ከዚህ ስትጣራ ጎረቤት ይሰማል፤ ሰው ግን አያልፍም። ትእዛዝ ይለፍ፣ ኤሌክትሪክ አይለፍ ነው ነገሩ። አንዲት ቀዳዳ ካለች ያሾልካል፣ አበቃ።»

«እና ለአጥር ነው ሁለተኛ ዲግሪ?»

«አንተ ደግሞ ባጃጅህን ንዳ» አለኝ።

ቤተ ሙከራው ቀለም ሲቀባ የቀባቸውን ስድስት መስታወቶች በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ ቤት አመጣ። ያኔ የኢንዱስትሪ ፓርኩ እየተሠራ ከተማው አቧራ ስለነበር ክዳኑን በፕላስተር አሸገው። በዚያው ሰሞን ታመመ። ሦስት ሳምንት አልቆየም።

ለቅሶ ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «የቀረው እነዚያን ስድስት መስታወቶች መለካት ብቻ ነው። ካመጣህልኝ ሥራው በስሙ ይወጣል» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ግን ቆርቆሮውን መንካት አቃተኝ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ቆየሁ። ለምን እንደሆነ... ደክሞኝ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አርባው ሲቃረብ እናቴ ለነዳያን የሚሰጠውን ልብሱን አጠበች። ከሥራ ስገባ ሸሚዞቹ አጥሩ ላይ ተሰጥተዋል። ከሸሚዞቹ ሥር፣ ሰፌድ ላይ፣ መስታወቶቹ በፀሐይ ያበራሉ።

«እማዬ፣ እነዚህን ምን አደረግሻቸው?»

«የሰው ዕቃ ቆሽሾ ይመለሳል እንዴ፣ ልጄ? በኦሞ ፈተግ ፈተግ አደረግኳቸው። አንዱ ላይማ እንደ ላስቲክ የሆነ ነገር ሲላጥልኝ፣ ቆሻሻው ወጣ ብዬ ደስ አለኝ።»

በማግስቱ በወረቀት ጠቅልዬ ወሰድኳቸው። መምህሩ አንድ በአንድ ለኩ። እኔ መሣሪያው ስለማይገባኝ ፊታቸውን አያለሁ። አምስተኛው ላይ መነጽራቸውን አወለቁ። ስድስተኛውንም ለኩት።

«ሁሉም ያሾልካሉ። ማን አጠባቸው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እንደገና ይሠራ እንዳይባል የፕላስቲኩን ቅይጥ ልክ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። መስታወቶቹን መለሱልኝና «አይዞህ» አሉኝ። ሥራው ሳይወጣ ቀረ።

ስመለስ እናቴ በር ላይ ቆማለች። መስታወቶቹ ኪሴ ውስጥ ናቸው፤ እንዳይንቀጫቀጩ በእጄ ጨብጫቸዋለሁ።

«ተቀበሉህ? ቆሽሿል አላሉም?»

«ንጹሕ ነው አሉ።»

«እሰይ» አለች። ባዶውን የብስኩት ቆርቆሮም ልታጥበው አነሳች።