ለባሕር ዛፍ የተላከ ሽማግሌ

ለምክር ቤት ስመረጥ አባቴ ደስ አላላቸውም። «እንግዲህ ባል የማግባቱን ነገር እርግፍ አድርጋ ተወችው» ብለው ለጎረቤት አሙኝ። እውነታቸውን ነው። ከደብረ ታቦር እስከ ጉና ግርጌ በየቀበሌው እየዞርሁ ስለ ምንጭና ስለ ደን ስለፈልፍ ዕድሜዬ ነጎደ። ሰውም «ይቺ እኮ ዛፍ ያገባች ናት» ይለኝ ጀመር። ስድብ መስሏቸዋል፤ እኔ እንደሆን ወደድሁት!

ምንጫችን ከገሳይ ከተማ በላይ፣ ከጉና ተረተር ሥር ነው። ድሮ በበጋም ይንፎለፎል ነበር። ኋላ ግን መጋቢት በገባ ቁጥር ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው፣ ተራ ጠብቀው በጣሳ መጨለፍ ያዙ። ውሃውን የሚመጠው ከምንጩ ራስ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። የማን ባሕር ዛፍ? የአባቴ!

ያ ዛፍ ደግሞ ባለውለታዬ ነው። ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቼ ስማር፣ አባቴ ከዚያው ላይ አጣና እየቆረጡ፣ በአህያ ገሳይ አውርደው እየሸጡ ነው ያስተማሩኝ። የተማርሁት ደግሞ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ። እንግዲህ ፍረዱኝ!

በቀበሌው ስብሰባ ላይ ባሕር ዛፍ ከምንጭ ዳር ሁሉ ይነሣ ብዬ ተናገርሁ። ሰው አጨበጨበልኝ። ከኋላ አንዲት ሴት ብድግ አለችና፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!» ስትል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የአባቴ ሳይነሣ የማንም እንደማይነሣ፣ ምንጩም እንደሚደርቅ ገባኝ። ሊቀመንበሩ፣ «ሚሊሻ ልኬ ላስቆርጠው?» አለኝ። «በአባቴ ላይ? ምን ሲደረግ!» አልሁት።

ራሴ ሄጄ ለመንኋቸው። «አባቷን በእንጨት የምትከስ ልጅ ወለድሁ!» አሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ። ከዚያ በኋላ ስመጣ ዝም፣ ስሄድ ዝም። ምግብ እንኳ አብረውኝ አይቀርቡም። ይህ ከምንጩም ከወንበሬም ይልቅ አንገበገበኝ።

በኛ አገር ነገር ሲከር ሽማግሌ ይላካል። የነፍስ አባታቸውን፣ አጣናቸውን የሚገዟቸውን የገሳይ ሙስሊም ነጋዴና አንድ ጎረቤታችንን ላክሁ። እኔ ጓሮ ሆኜ በአጥሩ ስንጥቅ እያየሁ አዳምጣለሁ። የልመና ሽማግሌ ተቀመጡ ካልተባለ አይቀመጥምና፣ ሦስቱም በዚያ በጉና ብርድ ግቢው ውስጥ ተደርድረው ቆሙ።

አባቴ ሲያዩዋቸው ተመልሰው ገቡ። ሲወጡ አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰዋል። «እንደምን ዋላችሁ» አሉ ጎንበስ ብለው። «ቆይቶም ቢሆን እግዜር አላሳፈረኝም። ለማን ልጅ ነው የመጣችሁት?»

ወይ ጉዴ! ለኔ ጋብቻ የመጡ መስሏቸዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሦስቱ ተያዩ። በመጨረሻ ነጋዴው፣ «የመጣነውስ ለምንጩ ነው» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ይሰድቧቸዋል፣ ያባርሯቸዋል ብዬ ስጠብቅ፣ አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ልክ ልጅ እንደተጠየቀ አባት፣ «መልካም። ዘመድ ልጠይቅ። ለመድኃኔ ዓለም ተመለሱ» አሉ። ከጓሮ ሆኜ አለቀስሁ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። አባቴ፣ «ተቀመጡ» አሉ። ተቀመጡ! «ዛፉን ሰጥቻለሁ። ጥሎሽ ግን አለኝ። ምንጩ የተመለሰ ዕለት የመጀመሪያውን ውሃ ራሷ ቀድታ ታምጣልኝ።» ነጋዴው፣ «እኔስ ከእንግዲህ አጣና ከየት ልገዛ ነው?» ሲሉ ሁሉም ሳቁ። አባቴ መጥረቢያቸውን ይዘው ወጡና የመጀመሪያውን ዛፍ ራሳቸው ጣሉት። ይህን ያየ አገር ተከተለ። ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ ከሥሩ ተነቀለ፤ በቦታው ቀርከሃና ኮሶ ተከልን።

ምንጭ ግን እንደ ሰው በሽማግሌ አይታረቅም። በጋው በመጣ ቁጥር እሄዳለሁ፣ ያው ጠብታ ነው። በሚቀጥለው ምርጫ ወንበሬን አጣሁ። ዛፍ አስቆርጣ ውሃ አላመጣች አሉኝ፣ አልፈርድባቸውም። አባቴ ዓይናቸው ደከመ፤ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ በእግሬ ኮቴ ይለዩኛል። «እህ፣ ጥሎሼስ?» ይሉኛል እየሳቁ። «ይመጣል አባዬ፣ ይታገሡ» እላለሁ፤ ሳይደርስላቸው እንዳይሞቱብኝ ግን እፈራ ነበር።

ባለፈው መጋቢት ስወርድ የምንጩ ዙሪያ ቄጠማ አብቅሏል። ውሃው ሞልቶ በድንጋዩ ላይ ይፈሳል፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው የለም። በቅል ቀዳሁና ሽቅብ ወጣሁ።

አባቴ ቅሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ዳሰሱና፣ ለወለደች ሴት የሚባለውን አሉኝ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ።»

«ማርያም ታኑርዎ» ማለት ነበረብኝ። ግን ቅሉን ተቀብዬ፣ የተረፈውን ውሃ እኔ ጠጣሁት።